ቢጫ ካርድ ለበጉ አይከፍልም፦ በጅቡቲ በኩል የሚልክ ነጋዴ ለየትኛው መንገድ የትኛውን መድን ይግዛ?

ጅቡቲ ከተማ — ከባቢሌ፣ ከባቲ ወይም ከጭፍራ ገበያ የተገዛ በግ ጂዳ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ እጅ ይለውጣል። መጀመሪያ የጭነት መኪናው ሾፌር፣ ቀጥሎ የዳመርጆግ ኳራንቲን፣ በመጨረሻ የመርከቡ ካፒቴን ይረከቡታል። በጉ በማንም እጅ ቢሆን ገንዘቡ የነጋዴው ነው። በመንገድ ቢሞት የሾፌሩ ደመወዝ አይቀነስም፤ በማቆያው ቢሞትም የማቆያውና የመኖው ሂሳብ አይቀርም።

ብዙ ነጋዴ መድን እንዳለው ያምናል። የመኪናው ወረቀት አለ፣ የመርከቡ ወረቀት አለ፣ አንዳንዴም ገዢው «እኔ ኢንሹራንስ አስገብቻለሁ» ብሏል። ጉዳት ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ወረቀት የሌላ ሰው ኪሳራ መክፈያ ሆኖ ይገኛል። አንድ ውል ከገበያ እስከ ገዢው በረት ድረስ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል ብሎ መተማመንም አያዋጣም። ስለዚህ መድን የሚመረጠው መንገዱን በየክፍሉ ቆርጦ በማየት ነው፤ በእያንዳንዱ ክፍል እንስሳው በምን ሊሞት እንደሚችልና የዚያን ሰዓት ባለቤቱ ማን እንደሆነ በመጠየቅ።

የተያዘው ወረቀት የማንን ኪሳራ ይከፍላል?

ድንበር በሚሻገር መኪና ላይ የማይጠፋው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ነው። ኢትዮጵያም ጅቡቲም የዚህ ሥርዓት አባል ናቸው። ካርዱ መኪናው በሌላ አገር ሰው ቢገጭ ወይም የሌላ ሰው ንብረት ቢያበላሽ የሦስተኛ ወገን ካሣ ይከፍላል፤ ለሾፌሩና ለተሳፋሪው ሕክምናም ይውላል። በመኪናው ላይ ስለተጫኑት በጎች ግን ምንም አይልም። መኪናው ጋላፊን ወይም ደወሌን አልፎ ቢገለበጥ ቢጫ ካርዱ ለተጎዳው እግረኛ ይከፍላል እንጂ ለሞቱት 200 በጎች አይከፍልም።

የባለመኪናው ሙሉ ሽፋን መድንም ቢሆን የሚጠብቀው መኪናውን ነው። ጭነቱ እንዲካተት ከተፈለገ ራሱን የቻለ የጭነት ውል ወይም በጽሑፍ የተጨመረ አንቀጽ ያስፈልጋል።

የመርከቡ መድን ደግሞ የባለመርከቡን ተጠያቂነት ይሸፍናል። ተጠያቂነት ከሌለ ክፍያም የለም። እዚህ ላይ የእንስሳት ነጋዴ ከእህልና ከቡና ነጋዴ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1924 በብራስልስ የተፈረመውና የባሕር ጭነት ሕግ መሠረት ሆኖ የቆየው የሄግ ደንብ «ዕቃ» ለሚለው ቃል ትርጉም ሲሰጥ በሕይወት ያሉ እንስሳትን ለይቶ አስወጥቷል። ባለመርከቡ ለቡና ጆንያ ያለበትን ግዴታ ለበግ ላይወስድ ይችላል ማለት ነው። «እንስሳቱ የሚጫኑት በላኪው ኃላፊነት ነው» የሚል መስመር በጭነት ሰነዱ ላይ መስፈሩም ከዚሁ የመጣ ነው። ይህን መስመር ያየ ነጋዴ ከመርከቡ ካሣ ተስፋ ሳያደርግ የራሱን መድን መግዛት አለበት።

አስፋልቱ፦ ግጭት፣ መገልበጥ፣ መታፈን

ከሚሌ በጋላፊ፣ ወይም ከድሬዳዋ በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚገባ ጭነት ብዙውን ጊዜ የሚሸፈነው በየብስ የጉዞ መድን ነው። መሠረታዊው ውል የሚከፍለው በመኪናው ላይ ለደረሰ አደጋ ነው፦ ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳት። በአደጋ መኪናው ላይ እያሉ ለሞቱ እንስሳት ይከፍላል፤ በአጥንት ስብራት ምክንያት ወዲያው ለሚታረዱትም የሚከፍል ውል አለ፤ ይህኛው ግን ተጽፎ መታየት አለበት።

ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ እንስሳ የሚሞተው በመገልበጥ ብቻ አይደለም። ሲጨናነቅ ይረገጣል፣ ይታፈናል፣ በሙቀት ይወድቃል። መኪናው በድንበር ወረፋ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከዋለ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። መሠረታዊው ውል እነዚህን አይከፍልም፤ አደጋ ስላልደረሰ። ለዚህ የሚያስፈልገው «የሞት ሽፋን» የሚባለው ነው። መኪናው ተጋጨም አልተጋጨም፣ እንስሳው በጉዞ ላይ ከሞተ ይከፍላል። አረቦኑ ከፍ ይላል፤ ሁኔታዎችም ይበዛሉ፦ በመኪናው ላይ የሚጫነው ቁጥር ገደብ፣ የውኃና የዕረፍት ሰዓት፣ ከጭነት በፊት የእንስሳት ሐኪም የጤና ምስክር ወረቀት። ከገደቡ በላይ የጫነ ነጋዴ አረቦን ከፍሎም ካሣ ሊያጣ ይችላል። ጥቂት በጎች ጨምሮ የተገኘው የኪራይ ቁጠባ የሙሉ መኪናውን ሽፋን ሊያሳጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

ዳመርጆግ፦ መድኑ የሚቋረጥበት ቦታ

ከጅቡቲ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ሎያዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የዳመርጆግ የእንስሳት ኳራንቲን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ነው። የተቋቋመበት ምክንያት ለመድንም ትልቅ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያ ጂዛን አካባቢና በየመን ሲከሰት የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ እንስሳት መቀበል አቆሙ። በዚያን ጊዜ በበረትና በወደብ የነበረ መንጋ ጤነኛም ሆኖ ገበያ አጣ። በሽታው ያልነካው ነጋዴ በእገዳው ከሰረ።

ዛሬም ማንኛውም ተራ የእንስሳት መድን እንዲህ ያለውን ኪሳራ አይከፍልም። የሞት ሽፋን የሚከፍለው ለሞተ እንስሳ ነው። በመንግሥት ትእዛዝ መታገድ፣ በተቀባይ አገር መመለስ፣ የዋጋ መውደቅና በማቆያ ቀናት መራዘም የሚመጣ የመኖ ወጪ በአብዛኛው ውል ውስጥ በግልጽ የተከለከሉ ናቸው። «የመመለስ መድን» የሚባል ልዩ ሽፋን በዓለም ገበያ ላይ አለ፤ ዋጋው ውድ ነው፣ መድን ሰጪዎቹም ጥቂት ናቸው። የበሽታ ወሬ ከተሰማ በኋላ ደግሞ ማንም አይሸጠውም። ይህ ሽፋን ከሌለ አደጋው የሚቀነሰው በሽያጭ ውል ነው፦ እንስሳው ቢመለስ የመመለሻውን ኪራይና የመኖውን ወጪ ማን እንደሚችል ከገዢው ጋር አስቀድሞ በመጻፍ።

ሁለተኛው የዳመርጆግ ችግር የሽፋን መቋረጥ ነው። የጭነት መድን የሚጸናው ዕቃው «በተለመደው የጉዞ ሂደት» ላይ እስካለ ድረስ ነው። እንስሳው ለምርመራ ቀናት ወይም ሳምንታት ሲቆም፣ ያ ቆይታ የጉዞው አካል ነው ወይስ የተለየ ማከማቻ? በውሉ ላይ ካልተጻፈ ለክርክር ክፍት ይሆናል። ነጋዴው «በዳመርጆግ ያለው የኳራንቲን ቆይታ እስከዚህን ያህል ቀን ድረስ በሽፋኑ ውስጥ ነው» የሚል መስመር በውሉ ላይ ማስጨመር አለበት። የቀኑ ቁጥርም ለምርመራው ከሚያስፈልገው በላይ መሆን ይኖርበታል፤ መርከብ ይዘገያልና።

በማቆያው ውስጥ ስላለ በሽታም መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ውል ሽፋኑ ከጀመረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት በታየ በሽታ ለሞተ እንስሳ አይከፍልም፤ በሽታው ከገበያ ይዞት መጥቷል ብሎ ይገምታልና። እንደ አፍተግርና ደስታ መሰል በሽታ ያሉትን በክትባት ሁኔታ የሚያስር ውልም አለ፦ የክትባት ወረቀት ከሌለ ክፍያ የለም።

ባሕሩ፦ «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ»

በመርከብ የሚሄድ ጭነት በዓለም ዙሪያ የሚሸፈነው በለንደን ገበያ በተዘጋጁ ሦስት መደበኛ አንቀጾች ነው። አሁን የሚሠራባቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የተሻሻሉት ናቸው።

«ሲ» ጠባቡ ነው። ለእሳት፣ ለፍንዳታ፣ ለመስጠም፣ ለመገልበጥ፣ ለግጭትና መርከቡን ለማዳን ሲባል ጭነት ወደ ባሕር ሲጣል ይከፍላል። «ቢ» በዚያ ላይ ማዕበል ጠራርጎ ለወሰደው፣ የባሕር ውኃ ወደ መርከቡ ገብቶ ላበላሸው፣ ለመብረቅና ለመሬት መንቀጥቀጥ ይጨምራል። «ኤ» ሰፊው ነው፤ በስም ከተከለከሉት በቀር ሁሉንም አደጋ ይሸፍናል።

የእንስሳት ነጋዴ መጠንቀቅ ያለበት በ«ኤ» ክልከላዎች ላይ ነው። «ሁሉንም ይሸፍናል» የተባለው ይኸው ውል ከዕቃው ከራሱ ባሕርይ የመጣን ጉዳት አይከፍልም፤ በመዘግየት ምክንያት የመጣንም እንዲሁ። በሕይወት ላለ እንስሳ እነዚህ ሁለቱ ዋናዎቹ የሞት ምክንያቶች ናቸው። በበሽታ መሞት፣ በጭንቀት መኖ መተው፣ መርከቡ ወደብ ላይ ሲጠብቅ በሙቀት መውደቅ ሁሉ «የራሱ ባሕርይ ነው» ወይም «የመዘግየት ነው» የሚል መልስ ሊያሰጥ ይችላል። ስለዚህ «ኤ» የገዛ ነጋዴም ቢሆን የእንስሳት የሞት ሽፋን በላዩ ላይ ካላስጨመረ ሙሉ ሽፋን አለው ማለት አይቻልም።

ገዢው መድን ገባሁ ሲል ደግሞ የሽያጩን ዓይነት ማየት ነው። በሲ.አይ.ኤፍ. ሽያጭ መድኑን የሚገዛው ሻጩ ነው። የ2020ው ዓለም አቀፍ የንግድ ቃላት ደንብ ከሻጩ የሚጠብቀው ትንሹ ሽፋን «ሲ»ን ነው፤ መጠኑም የሽያጩ ዋጋ 110 በመቶ ነው። በኤፍ.ኦ.ቢ. ከሆነ እንስሳው መርከቡ ላይ ከወጣ በኋላ ያለው አደጋ የገዢው ነው፤ ሻጩ ግን እስከ መርከቡ ድረስ ያለውን መንገድና የዳመርጆግን ቆይታ በራሱ መድን መሸፈን አለበት። ገንዘቡ ከጭነት በኋላ የሚከፈል ከሆነም «አደጋው የገዢው ነው» የሚለው ብዙ አያጽናናም፤ እንስሳው ያለቀበት ገዢ ለመክፈል ያንገራግራልና።

የባሕሩ አደጋ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ቀይ ባሕር ራሱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2022 «በድር 1» የተባለችው መርከብ 15 ሺህ በላይ በግ ጭና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ልትነሣ ስትል በሱዳን ሱዋኪን ወደብ ሰጠመች። የመርከቡ ሠራተኞች ተረፉ፤ በጎቹ ግን ከጥቂቶቹ በቀር አለቁ። በወቅቱ የወደቡ ባለሥልጣናት መርከቧ መጫን የነበረባት 9 ሺህ ያህል እንደነበር ተናግረዋል። መስጠም በሦስቱም አንቀጾች የተሸፈነ አደጋ ነው። ነገር ግን አንቀጾቹ አንድ ሁኔታ አስቀምጠዋል፦ መድን ገቢው መርከቡ ለጭነቱ ብቁ አለመሆኑን እያወቀ ከጫነ ካሣው ሊከለከል ይችላል። ከልክ በላይ ሲጫን ወደብ ላይ ቆሞ ያየ ላኪ ወይም ወኪሉ ይህን ማስታወስ አለበት። የመርከቡን የመያዝ አቅም የሚያሳይ ሰነድ መጠየቅና የተጫነውን ቁጥር መመዝገብ ለካሣም ለእንስሳቱም ይጠቅማል።

የጦርነት አደጋ በሦስቱም አንቀጾች ውስጥ የለም፤ ለብቻው ይገዛል። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡባዊ ቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲጀመር የዚህ ሽፋን ዋጋ ንሯል። ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ የጦርነት ሽፋን የሚሠራው ጭነቱ መርከብ ላይ ባለበት ጊዜ ነው፤ በየብስ ላይ ያለውን አይመለከትም። ሁለተኛ፣ መድን ሰጪው አጭር ማስታወቂያ፣ በተለምዶ የ7 ቀን፣ ሰጥቶ ሊሰርዘው ይችላል። ከሁለት ወር በፊት የተሰጠ የዋጋ ማቅረቢያ በጭነቱ ቀን ላይጸና ይችላል ማለት ነው።

ስንት ተብሎ ይገመት?

አረቦን ለመቀነስ የመንጋውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ የተለመደ ነው። ጉዳቱ የሚታየው በካሣ ቀን ነው። አንድ ነጋዴ 1,000 በግ፣ አንዱን በ100 ዶላር፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር የሚያወጣ ጫነ እንበል። መድን የገባው ግን በ60,000 ነው። በጉዞው 200 በግ ሞተ። ኪሳራው 20,000 ዶላር ነው። መድን ሰጪው ግን «ከዋጋው 60 በመቶ ነው ያስመዘገብከው» ብሎ የኪሳራውንም 60 በመቶ፣ ማለትም 12,000 ብቻ ይከፍላል።

በዚህ ላይ ተቀናሽ አለ። ውሉ «የመንጋው 3 በመቶ በመድን ገቢው» ካለ የመጀመሪያዎቹ 30 በጎች አይቆጠሩም። ቀሪው 170 በግ ነው፤ 17,000 ዶላር፤ 60 በመቶው 10,200 ዶላር። ከጠፋው 20,000 ውስጥ ግማሹን ያህል ብቻ ማለት ነው። ተቀናሹም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሁልጊዜ የሚቀነስ ነው። ሌላው ፍራንቻይዝ የሚባለው ሲሆን፣ ሞቱ ከገደቡ ካላለፈ ምንም አይከፍልም፣ ካለፈ ግን ከመጀመሪያው በግ ጀምሮ ይከፍላል። ትላልቅ ኪሳራዎችን ለሚፈራ ላኪ ሁለተኛው ይሻላል።

የገንዘቡ ዓይነትም ይታሰብበት። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ይመነዘራል። ብር ግን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከእጥፍ በላይ ሄዷል። ከዚያ በፊት በብር የተገመተ የዓመት ውል የያዘና መንጋውን በዶላር የሚሸጥ ነጋዴ ሳያውቀው ሽፋኑ በግማሽ ቀንሶበታል። በዶላር የሚሸጥ እንስሳ በዶላር ቢገመት፣ ካልተቻለ ደግሞ ግምቱ በየጭነቱ ቢታደስ ይመረጣል።

የሳተላይቱ መድን ለማን ነው?

በአርብቶ አደሩ አካባቢ ስሙ የሚነሣው የሳተላይት መድን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኬንያ ማርሳቢት፣ በ2012 ደግሞ በኦሮሚያ ኢንሹራንስ በኩል በቦረና የተጀመረ ነው። በ2022 የዓለም ባንክ ጅቡቲን፣ ኢትዮጵያን፣ ኬንያንና ሶማሊያን ለሚያቅፈው «ድራይቭ» ለተባለው ፕሮግራም ገንዘብ ሲያጸድቅም ይህ መድን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ሆኗል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ይለካል፤ ልምላሜው ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ለአካባቢው መድን ገቢዎች ሁሉ ይከፈላል። ማንም የሞተ ከብት አይቆጥርም። በግጦሽ ላይ መንጋ ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ ክፍያው ድርቁ ሳይከፋ ስለሚመጣ መኖ ይገዛበታል። ጭፍራ ገዝቶ ዳመርጆግ ለሚጭን ነጋዴ ግን በመኪና ላይ ስለሞተው በግ የሚሰጠው ነገር የለም። ከጭነት ወቅት በፊት በአርብቶ አደር ዘመዶቹ ዘንድ የራሱን መንጋ የሚያቆይ ነጋዴ ብቻ ለዚያኛው መንጋ ሊገዛው ይችላል።

ወለድን ለሚሸሽ ነጋዴ ተካፉል ሌላ አማራጭ ነው። ነጋዴዎቹ መዋጮ ያዋጣሉ፣ ጉዳቱ ከጋራው ገንዘብ ይከፈላል፣ ትርፉም እንደ ደንቡ ይከፋፈላል። የሽፋኑ ስፋት ግን ከስሙ አይታወቅም፤ ከላይ የተነሡት ክልከላዎች በዚያም ውል ውስጥ ሊኖሩ ስለሚችሉ እኩል መነበብ አለባቸው።

ማን ምን ይግዛ?

ድንበር ላይ ለትልልቅ ላኪዎች የሚሸጥ አነስተኛ ነጋዴ አደጋው መኪናው ላይ ያበቃል። የየብስ ጉዞ ውል ከሞት ሽፋን ጋር ይበቃዋል። በየወሩ ብዙ ጊዜ ከጫነ ለእያንዳንዱ ጉዞ ከመዋዋል ይልቅ የዓመት ክፍት ውል መያዝ ይሻለዋል።

ዳመርጆግ ድረስ አምጥቶ በኤፍ.ኦ.ቢ. የሚሸጥ ነጋዴ ከመኪናው በተጨማሪ የኳራንቲኑን ቆይታ የሚጠቅስ መስመር ያስፈልገዋል። ከዚያ ውጭ ያለው ዋና አደጋ የመመለስ አደጋ ስለሆነ ትኩረቱ በሽያጭ ውሉ ላይ መሆን አለበት።

እስከ ጂዳ ኃላፊነት የሚወስድ ላኪ «ኤ»ን፣ የእንስሳት የሞት ሽፋንንና የጦርነት ሽፋንን በአንድ ላይ ይጠይቅ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃው «ሲ» ወይም «ቢ» ይዞ የመርከቡን መስጠም ያህል ትልቁን ኪሳራ ቢሸፍን፣ የጥቂት በጎችን ሞት ግን ራሱ ቢችል ይሻላል፤ መንጋው ሁሉ ያለቀበት ነጋዴ ዳግም አይነሣም፣ 20 በግ የሞተበት ግን በሚቀጥለው ጭነት ይመልሰዋል።

ከመፈረም በፊት፣ ከጉዳቱም በኋላ

ከመድን ሰጪው ወይም ከወኪሉ ጋር ሲቀመጡ እነዚህን በጽሑፍ ማስመለስ ይገባል፦

• ሽፋኑ በየት ይጀምራል፣ በየት ያበቃል? የዳመርጆግ ቀናት ተካተዋል?
• ያለ አደጋ የሞተ፣ በሙቀት የወደቀና በግዴታ የታረደ እንስሳ ይከፈላል?
• ተቀናሹ የትኛው ዓይነት ነው? የሚሰላውስ ከጠቅላላው መንጋ ነው ወይስ ከኪሳራው?
• ጅቡቲ ውስጥ ጉዳቱን አይቶ የሚመዘግበው ገምጋሚ ማን ነው? በስንት ሰዓት ይደርሳል?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ካሣ የሚጠፋው ግን እዚያ ላይ ነው። በጅቡቲ የበጋ ሙቀት የሞተ በግ አይከርምም። ማቆያው በዚያው ቀን እንዲቀበር ያዛል፤ በባሕር ላይም ወዲያው ይጣላል። ገምጋሚው ሲመጣ የሚያየው ከሌለ ክርክሩ በወረቀት ይሆናል። ስለዚህ ከጭነት በፊት የጆሮ ቁጥር ዝርዝር ይያዝ። ለእያንዳንዱ ሞት የጆሮ ቁጥሩ የሚታይበት ፎቶ ይነሣ፤ የእንስሳት ሐኪሙ የሞቱን ምክንያት የጻፈበት ወረቀት ይቀመጥ፤ በባሕር ላይ ከሆነ ካፒቴኑ በመዝገቡ ያሰፈረው ቁጥር በፊርማ ይወሰድ። ለመድን ሰጪው የሚሰጠው ማስታወቂያም በስልክ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ፣ በዚያው ቀን ይላክ። ያለነዚህ ወረቀቶች ውዱም ውል ቢሆን አይከፍልም።